የቤተሰብ ብዛት ሰባት

ቤታችን ውስጥ አንድ አቡጀዲ አለ። ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ ያው የአቡጀዲ ወርድ ነው። ባለቤቴ የዘር ድንች ታሰጣበታለች። ድንቹ ሲነሳ የጎመን ዘር ይሰጣበታል፤ ዘሩ ሲነሳ ደግሞ ጎረቤት ለተዝካር ይዋሰዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በቡሄ ሰሞን፣ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ሲወድቅና የመስኮታችን መስተዋት ሲረግፍ ለሁለት ሳምንት ያህል መስኮት ሆኖ አገልግሏል። የጉና ነፋስ በመጣ ቁጥር ይነፋና ቀይ ፊደላቱ ወደ ቤት ውስጥ ይቆዘራሉ፤ «ጦርነትና ኢምፔሪያሊዝም ይው»።

«ይው ምንድን ነው?» ይላል የመጣ እንግዳ ሁሉ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ታያለች። እኔ ድንቹን እቆጥራለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያኔ ላጤ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ደመወዜ ከወር ወር አይደርስም፤ ሬዲዮኔ ግን ከዓለም ጫፍ ይደርሳል። የካቲት 8 ቅዳሜ ዕለት ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ ሳሞቅ ውዬ ማታ ጣቢያ ስፈልግ ዜናውን ሰማሁ። አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅን ሊወጉ ተሰናድተዋል፤ በዚያው ዕለት ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠሩ የዓለም ከተሞች ሰው አደባባይ ወጥቶ አይሆንም ብሏል። ሎንዶን መንገዱ ጠብቦ ነው የዋለው። ሮም ላይ የወጣው ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ነው ተባለ።

ቤት ያከራዩኝ እማሆይ ከምድጃው ማዶ ቆሎ ይቆላሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ኮረዳ ሳሉ፣ ለአርበኞች በአገልግል ስንቅ ያደርሱ ነበር።

«ሮም አልክ?» አሉኝ።

«አዎ እማሆይ። ጦርነት አይሁን ብለው ወጡ።»

«ሦስት ሚሊዮን?»

«እንደዚያ ነው የተባለው።»

ቆሎውን ማገላበጥ ተዉ። «በኛ ጊዜ የት ሄደው ነበር?»

እኔ ግን መልሱን አልፈለግኩትም፤ ልቤ ተነስቷል። ሮም ከወጣች ደብረ ታቦር ምን አግዷት ትቀራለች? ሌሊቱን ሙሉ ሰልፍ ስመራ አደርኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ጓደኞቼን ልብስ ሰፊው ሱቅ ሰበሰብኳቸው። አንደኛው የሒሳብ መምህር ነው፤ ነገርን ሁሉ በቀመር ካላሰላ እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለተኛው ራሱ ልብስ ሰፊው ነው። ከባድመ ግንባር ሁለት ጣቱን ትቶ ነው የተመለሰው፤ በቀሩት ስምንቱ ግን ከተማው ውስጥ እንደሱ አድርጎ ሱሪ የሚያስተካክል የለም። እቅዴን ዘረገፍኩት፤ ከታች፣ ከሰፈር፣ ከሕዝቡ የሚነሳ፣ ጦርነትንና ኢምፔሪያሊዝምን የሚቃወም ንቅናቄ።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ክር እያጎረሰ ሰማኝ። ሲጨርስ «በሰው አገር ጦርነት ላይ ተቃዋሚ መሆን ጥሩ ነው፤ አያስወጣም» አለ። «እኔ በ1990 ስሄድ አደባባዩ ላይ ከፊት ቆመህ ታጨበጭብ ነበር። አይቼሃለሁ። ረዥም ጭብጨባ ነበር።»

እውነቱን ነው። አጨብጭቤያለሁ። ያውም ተማሪዎቼን አሰልፌ። ሒሳቡ ነገሩን ለማብረድ «ለሰልፉ ስንት ሜትር አቡጀዲ ያስፈልጋል?» አለ፤ ልብስ ሰፊውም ያንን ካለኝ በኋላ አራት ሜትር ከራሱ ሱቅ ቀዶ ሰጠን። እስከ ዛሬ ለምን እንደሰጠን አይገባኝም።

ምን ብለን እንጻፍ የሚለው ሁለት ምሽት ፈጀ። እኔ ያነበብኳትን ሲልቪያ ፓንክረስትን አነሳሁ። ሴትዮዋ እንግሊዛዊት ሆና የገዛ አገሯን ቅኝ ገዢነት ስትቃወም የኖረች ናት። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ በፈረንጅ 1936 ሜይ 5፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮኽ ጋዜጣ ማተም ጀመረች፤ ሃያ ዓመት ገደማም አላቋረጠችም። ሎንዶን ዳር ባለው ሰፈሯ በድንጋይ የተጠረበ የአውሮፕላን ቦምብ ሐውልት አቁማለች፤ ማስታወሻነቱም በፈረንጅ 1932 ከአውሮፕላን ቦምብ መጣል እንዲቀጥል ለታገሉ ፖለቲከኞች ነው፤ ስድብ በሐውልት ማለት ነው። ዛሬ ያረፈችው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ነው። እንደሷ ያለ ምጸት እንጻፍ ስል ሒሳቡ «ምጸት ከሩቅ አይነበብም» አለ። እሱ የሚፈልገው «ይውደም» ነው።

«ይውደም» የሁላችንም የልጅነት ቃል ነው። በ1969 የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ግራ እጄን ጨብጬ ያልጮኽኩበት ሰንበት የለም። ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም! ሦስት ወንድማማቾች ይመስሉኝ ነበር። ሁለቱ አባታቸው ያልታወቀ፣ ሦስተኛው ግን በአባቱ ስም የሚጠራ። የትኛው ደጃፍ እንደሚኖሩ ባውቅ ኖሮ ድንጋይ ይዤ እሄድ ነበር። እነሱ ሳይወድሙ በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ አብረውኝ ይጮኹ የነበሩት ልጆች ከገበያ እየታፈሱ ሄዱ። በ1982 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ጉና ድረስ መጣልን። ይህን ሁሉ ለሒሳቡ ስነግረው ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል «ይውደም ራሱ የጦርነት ቃል ነው» አለ። ሁለታችንም አልሰማነውም፤ ድምፅ ሰጠንና ሁለት ለአንድ አለፈ።

ቀመሩን የሠራው ሒሳቡ ነው። አራት ሜትር ለፊደላቱ ብዛት ተካፍሎ፣ ለክፍት ቦታ ይህን ያህል፣ ለዳርና ዳሩ ይህን ያህል። ጦርነትና ኢምፔሪያሊዝም እያለ በሚያምር ቀይ ቀለም ወረደ። ኢምፔሪያሊዝም ግን ስምንት ፊደል ይብላ እንጂ ሜዳውን ሁሉ የሚወርስ ቃል ነው፤ «ይው» ላይ ስንደርስ ጨርቁ አለቀ። «ደ» እና «ም» የሚያርፉበት ስንዝር ጠፋ። ልብስ ሰፊው ሌላ አቡጀዲ የለኝም አለ። ገበያ ቅዳሜ ነው። «ግድ የለም» አለ ሒሳቡ፤ «አንባቢ ይሞላዋል።»

ሞላው። ወደዚያ እመጣለሁ።

በራሪ ወረቀትም አስበን ነበር። ሒሳቡ የትምህርት ቤቱን ማባዣ አስበረበረ፤ ቀለም የለውም። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ታሪክ ሸሸሁ፤ በበጌምድር ላይ በራሪ ወረቀት መቼ እንደወረደ ታውቃላችሁ? በ1922 መጋቢት ላይ፣ አንቺም ሜዳ፣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ከአዲስ አበባ ጦር ጋር ሲፋለሙ። የፈረንሳይ ሥሪት አውሮፕላን መጣና መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ራሱን የተከተለ ውግዝ ይሁን የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ውጊያ ሞቱ። የኛ አገር ሰው ወረቀት ሲበተንለት ቀና ብሎ ሰማይ ቢያይ አይፈረድበትም። ስለዚህ ወረቀቱን ተውነው።

ፈቃድ ጉዳይ ላይ ግን እኔ አውቃለሁ ባይ ነኝ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ የሚወጣ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል እንጂ ፈቃድ አይለምንም። ይህንኑ ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት።

«ጦርነቱ የት ነው?»

«ኢራቅ።»

«የኢራቅ ሰዎች ወክለዋችኋል?»

«አይ፣ እኛ በራሳችን—»

«ውክልና የለማ።» ደብዳቤውን ገለበጡት፤ ጀርባው ነጭ ነው። «ማኅተምስ?»

«ማኅበር አይደለንም ገና። ማሳወቃችን ነው።»

«ማሳወቅ መቻላችሁን ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምታሳውቁት?»

ለዚህ መልስ አልተሰናዳሁም ነበር። ማኅበር ሁኑ፣ ማኅተም አስቀርጹ፣ በማኅተማችሁ አመልክቱ አሉኝ። ማኅተም ቀራጩ ዘንድ ስሄድ የማኅበር ማስረጃ አምጣ አለኝ፤ ማስረጃው የሚሰጥበት ቦታ ስሄድ በማኅተም አመልክት ተባልኩ። በዚህ ዓይነት እስከ ሐሙስ ዞርኩ። ዓርብ ዕለት ሒሳቡ መላ አገኘ፤ ሰልፍ ሳይሆን ሽርሽር እናድርገው። ሦስት ሰው አቡጀዲ ይዞ ወደ ጋፋት ቢሄድ ምን ሕግ ይከለክለዋል?

ጋፋትን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ዛሬ ቢያዩት ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ገጠር። አፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ከባዝል አጠገብ ከምትገኘው ቅዱስ ክሪሾና ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነ ዋልድማየር፣ እነ ዛልሙለር። ንጉሡ ስብከቱን ለጊዜው ተዉትና መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅበትም አሉ። ትማራላችሁ ተባሉ። ተማሩም። መጨረሻ ላይ የወጣው ሴባስቶፖል ነው። ክብደቱን ሰው ሁሉ በየራሱ ሚዛን ስለሚነግራችሁ ቁጥሩን ልተወው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰረገላ ጭነው፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ ወደ መቅደላ ሄዱ። ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አምባው ላይ ሲወጣ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ቀረ፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመው ምስሉ ነው፤ የቆመበትም ጎዳና በቸርችል ስም ይጠራል። ይህን የሚያህል ቀልድ እኔ ብፈጥረው ትስቁብኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ንግግሬን ለእማሆይ አነበብኩላቸው። ስለ ንጉሡ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ አሳለፉኝ። እዚሁ ደብረ ታቦር ስለተወለደው ልዑል ዓለማየሁ፣ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ስለመሞቱ፣ ዊንድዘር ስለመቀበሩ ስነግራቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እንግሊዞች ከመቅደላ ጽላቱን፣ ዘውዱንና ብራናውን በአሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ ጭነው መውረዳቸው ላይ ስደርስ ግን አስቆሙኝ።

«ዝሆን?»

«ከሕንድ ያመጡት ነው።»

«ዝሆን ያን ገደል ወጣ?»

«ወጣ።»

«ምን ይበላ ነበር?»

ናፒየር ከዙላ ወደብ ጀምሮ አርባ አራት ዝሆን ይዞ መምጣቱን አውቃለሁ፤ መኗቸውን ግን አላጠናሁም። እማሆይም ለቀረው ንግግር ጆሮ አልሰጡም። አመሻሹን «ያን ያህል ሆድ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለራሳቸው ነው።

እሑድ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ነጭ የለበሰ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እኛ ጋፋት ሜዳ ላይ አቡጀዲውን በሁለት እንጨት ወጥረን ቆመናል። ልብስ ሰፊው አንዱን እንጨት ይዟል፤ ሒሳቡ ሌላውን። እኔ ደብተር ይዣለሁ፤ የደጋፊ ስምና ፊርማ የሚሰፍርበት። መጀመሪያ እረኞች መጡ። ቀጥለው ሁለት ሽማግሌዎች። አንደኛው ዝናብ ይመጣል ብለው ነው መሰለኝ የእርዳታ ስንዴ ከረጢት እንደ ገሳ ደርበዋል፤ ጀርባቸው ላይ የአሜሪካ ጋሻና ሁለት የሚጨባበጡ እጆች ታትመዋል። የዚያን ዓመት ዝናቡ አጉድሎ 13 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ እርዳታ ጠባቂ ነበር፤ ደቡብ ጎንደርም ከጉዳቱ ድርሻዋን ወስዳለች።

«ምን ይላል?» አሉ ባለ ከረጢቱ፣ አንድ ደብተር የያዘ ልጅ ጠርተው።

ልጁ ጣቱን እየቀሰረ አነበበ። «ጦርነትና... ኢምፔ... ሪያሊዝም... ይው...» ቆመ። አሰበ። ፊቱ በራ። «ይውሰዱ! ይውሰዱ ነው የሚለው፤ ጨርቁ አልቆበት ነው!»

ማረም ነበረብኝ። ነገር ግን ሰው እየመጣ ነው፤ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በሕልሜ ያየሁት ነገር ነው። ሽማግሌው ወደ ደብተሬ ጠጋ አሉ።

«መዝግበኝ፣ ጌታው።» ስማቸውን ነገሩኝ። ጣታቸውን በቀለም ነክሬ አስፈረምኩ። «የቤተሰብ ብዛት ሰባት» አሉ።

«እሱ አያስፈልግም አባቴ።»

«እንዴት አያስፈልግም? ሰባት ነን። የልጄ ሚስት ልትወልድ ነው፤ ስምንት ብትለው ደግሞ ውሸት አይሆንም።»

ሒሳቡ እንጨቱን ለአንድ እረኛ ሰጥቶ መጣ። ባዶ ዓምድ ሲያይ አያስችለውም፤ አሰመረው፤ «ቤ/ብ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያ እጄ አላረፈም። ሰው ተሰለፈ፤ ተጋፋ፤ ሴቶች ይቅደሙ ተባለ። ካህኑ ሳይቀሩ ተመዘገቡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 64 አባወራና እማወራ ጦርነትንና ኢምፔሪያሊዝምን ተቃወሙ። ሒሳቡ ዓምዱን ደመረው፤ ከነቤተሰቡ 371 ነፍስ። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «ከታች የሚነሳ ማለት ይሄ ነው» አለኝ በጆሮዬ።

ንግግሬን ላሰማ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዲት እናት ቀደሙኝ። «ስንዴ ነው ማሽላ?»

ዝም አልኩ።

«ዘይቱስ አለ?»

ልብስ ሰፊው እንጨቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። ለመሸሽ የሚዘጋጅ ወታደር ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። እኔ ግን መምህር ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ኢምፔሪያሊዝም ማለት ኃያላን አገሮች ደካማውን በጦርና በገንዘብ ሲጫኑ ነው አልኩ። ከመቅደላ ጀምሬ በዐድዋ አድርጌ ወደ ባግዳድ ተጓዝኩ። ባለ ከረጢቱ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እና ይኼ የምትለው ሰውዬ፣ እህል የለውም?»

«አለው። እህልስ አለው፤ ግን—»

«ይሰጣል?»

ጀርባቸው ላይ ያሉት ሁለት እጆች ይጨባበጣሉ። «ይሰጣል» አልኩ።

«ታዲያ በኪዳነ ምሕረት ቀን ምነው ታሙታላችሁ?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁ በተሻለኝ። «ስማችንን ይዛችሁ የትም አትሄዱም» አለ አንድ ጎረምሳ፤ ዱላው ከትከሻው ወረደ። ሌላው አቡጀዲውን ጫፉን ያዘ። ያዳኑን እኚያው ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ፈረዱ፤ ልጆቹ የተማሩ ናቸው፣ ተሳስተዋል፣ ይሂዱ፤ ደብተሩ ግን እዚህ ይቀራል። ደብተሩን ሰጥተን፣ አቡጀዲውን ጠቅልለን ወጣን። ከኋላችን ውሻ ተለቀቀብን፤ ልብስ ሰፊው እንደሚለው ውሻው እንኳ የሚገባውን ያህል አልሮጠም።

ሽማግሌው ሐቀኛ ሰው ኖረዋል። በማግስቱ ሰኞ ማለዳ ደብተሩን ይዘው ከተማ ወርደው የሚመለከተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ ተጠራን።

«ይህ ኢምፔሪያሊዝም የተባለ ድርጅት» አሉ ኃላፊው፣ ገጾቹን እያገላበጡ፣ «እዚህ አካባቢ ለመንቀሳቀስ ተመዝግቧል?»

ሒሳቡ ሳቅ አመለጠው። ያቺ ሳቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችን። በመጨረሻ ዳግመኛ ሰው አንመዘግብም ብለን ፈርመን ወጣን። ከወር በኋላ የሰማሁትን ግን ልንገራችሁ። ዝርዝሩ በሚገባ የተሠራ ነበርና፣ ድምሩም ትክክል ስለነበር፣ ለእርዳታ ማጣሪያ ጠቀመ አሉ፤ ከ64ቱ የሚበዙት ስንዴ ደረሳቸው። ከረጢቱ ላይ ሁለት እጆች የሚጨባበጡበት። ከታች የተነሳው ንቅናቄያችን በተግባር ያስገኘው ይህ ነው።

የዚያን ሰኞ ማታ እማሆይ እግሬን በሙቅ ውኃ እንዳጥብ ውኃ አሞቁልኝ። አቡጀዲውን ጥግ ላይ አዩት።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው ልጄ?»

«ለኢራቅ።»

«ማናት እሷ?»

«አገር ናት እማሆይ። ዋና ከተማዋ ባግዳድ። ባስራ የምትባል አለች። ወደ ሰሜን ደግሞ ሞሱል፤ የጥንቷ ነነዌ—»

እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ። ነነዌ! ልክ ባለፈው ሳምንት፣ ከየካቲት 10 እስከ 12፣ ሦስቱን ቀን ነነዌን ጾሜያለሁ። እማሆይ ጾመዋል። ከተማው ጾሟል፤ ጋፋት ጾሟል። ሮም በወጣች በሁለተኛው ቀን ደብረ ታቦር ስለዚያች ከተማ እህል ውኃ ሳትል ውላለች፤ ታሪክ አስተማሪው እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ ማኅተም ቀራጭ ፍለጋ እዞር ነበር።

እማሆይ ጉልበቴን በመዳፋቸው መቱኝ። «ያን መጀመሪያ አትነግረኝም? ነነዌን ነው የሚወጉት?»

«አዎ።»

«እግዜር የማራትን?»

ነጠላቸውን አጣፉና በዚያ ጨለማ ወጡ። የት እንደሄዱ የገባኝ ዓርብ፣ ለማርያም፣ ነው። ማኅበራቸው የእሳቸው ተራ ነበር፤ እኔ ጠላ ቀጂ ነኝ። ሰላሳ አንድ ሴት ቆጠርኩ፤ ከየሰፈሩ ተጠርቶ የመጣ። ማሳወቂያ የለ፣ ማኅተም የለ፣ አቡጀዲ የለ። የንስሐ አባታቸው ዳቦውን ባርከው ሲቀመጡ እማሆይ ተነሱ። ነነዌ ዳግመኛ ቁጣ መጥቶባታል፤ በዚህ ጊዜ ከሰው ነው፤ እንለምንላት አሉ። ይኸው ነው የተናገሩት።

«ዮናስ ተልኮላቸዋል?» ብላ ጠየቀች አንዷ።

እማሆይ ማንቆርቆሪያ ይዤ በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ይሄው፤ ወደ ተርሴስ ሸሽቶ ከጋፋት ነው ያመጣነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ቆሙ፤ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ አሉ። ከመካከላቸው ልጅ ባድመ ያስቀሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በ1975ቱ አዋጅ ወንድም የታፈሰባቸው አሉ። ጠላውን ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምናልባት ማንቆርቆሪያው ከብዶኝ ይሆናል።

ጦርነቱ መጋቢት 11 ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን የፈቃደኞች ጥምረት ያለችውን የአገሮች ዝርዝር አወጣች፤ ኢትዮጵያ አለችበት። ኤርትራም አለችበት። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሲደረደሩ መካከላቸው የገባችው ኢስቶኒያ ብቻ ናት። ይህን ለልብስ ሰፊው ስነግረው የስፌት መኪናውን አቆመ። የጎደሉትን ሁለት ጣቶቹን ቦታ ዳሰሰ።

«ኢስቶኒያ የት ናት?»

«አውሮፓ፣ ወደ ሰሜን። ትንሽ አገር ናት።»

«ጎበዝ ናት» አለ። «እኛ ሁለት ዓመት ተዋግተን ያቃተንን፣ መሃል ገብታ ገላገለች።» መልሶ መኪናውን ረገጠው።

እማሆይ በየማታው አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው፤ «ነነዌስ?» ገና ናት እላቸዋለሁ። ባስራ ተከበበች ስል ባስራን አያውቋትም። ባግዳድ ተያዘች ስል ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ ቀጥለው «ነነዌስ?» ሚያዝያ 3 ዓርብ፣ በጾሙ መገባደጃ፣ ንፍሮ እየበላን ሬዲዮውን ከፈትኩ። ሞሱል ተያዘች አለ። ባንኩ ተዘርፏል፤ ሙዚየሙም ተዘርፏል፤ ከነነዌ ዘመን የነበረ ዕቃ ወጥቶ ሄዷል።

«ነነዌስ?» አሉ።

«ተያዘች እማሆይ። ዘረፏት። የጥንት የጥንቱን ዕቃ ሁሉ ወሰዱት።»

ንፍሮውን ከእጃቸው ወደ ሳህኑ መለሱት። ብዙ ዝም አሉ። ሬዲዮው ባትሪው እየደከመ ስለነበር ድምፁ እየቀጠነ ሄደ።

«በዝሆን ነው የጫኑት?» አሉኝ።